ዳርና ዳር የቆሙት

መስከረም 12 ቀን

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህንም ሥራህንም ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት ቢሞላትም ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ቀኝ እጇ ይቅበጠበጣል። አርባ ዓመት የትምህርት ቤት ደወል የደወለ እጅ በቀላሉ አርፎ አይቀመጥም መሰለኝ። ሰፈሩ ዛሬም «እማማ ደወል» ነው የሚላት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ሁልጊዜ በእናትህ፣ በአክስቴ ጆሮ ላይ ስለሆነ ነው። ካሜራ የሚል ቃል ከሰማች ፊቷ ይጠቁራል። «ልጄን የነጠቀኝ ካሜራ ነው» ትላለች። እኔ ፎቶ አንሺ መሆኔን የተቀበለችው የወንድሟ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ ነው፤ እሷን ግን አንድም ቀን አንስቻት አላውቅም። ካሜራውን ሳነሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች።

ሥራዬ ተቀይሯል። ልደቱንም ምርቃቱንም ሁሉም በስልኩ ያነሳል። አሁን የምተዳደረው የሚከራዩ ቤቶችን ለማስታወቂያ በማንሳት ነው። ቤቶቹ ግን የክብሪት ቀፎ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዱን መኝታ ቤት ሙሉውን ለማግኘት ቁምሳጥን ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። አከራይዋ ሳታውቅ ገብታ ስታየኝ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በእጄ ያለው ሌንስ ጠባብ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ ወደ ኋላ አያስኬድ።

ስለዚህ ልለምንህ ነው። ሰፋ አድርጎ የሚያይ ዙም ሌንስ እዚያ ካገኘህ ላክልኝ። ውዱን አይደለም፤ ፕላስቲክ የሚባለው ርካሹ ይበቃኛል። አንተ ታውቀዋለህ፤ ካሜራ መያዝ ያስተማርከኝም አንተ ነህ።

ታናሽ እህትህ፣ ሚጢጢ

ጥቅምት 3 ቀን

ለእህትዓለም ሚጢጢ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እምዬን ስለኔ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ሌንሱን ወደዚያ ለምትሄድ ነርስ ጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። በሁለት ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካልሲዎቹ አዲስ ናቸው፣ አትሳቂ። ከአሥር እስከ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሰፋ አድርጎ ያያል፣ ይበልጥም ይለጥጣል። ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ስለሆነ ስትገጥሚው አትታገዪው። ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ሰፊ አይደለም፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አድርጊና ታገሺ። ቀዳዳውን ስምንት ቁጥር ላይ ካደረግሽው ውዶቹን ሌንሶች የሚያሳፍር ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጥሻል። ሙሉ በሙሉ ከከፈትሽው ግን ጥጋጥጉ ይደበዝዛል። ካሜራውን ቀና ወይም ደፋ አታድርጊ፤ ግድግዳው እንደ ሰካራም ይዘማል።

ከሁሉም በላይ ሰው ዳር ላይ አታቁሚ። ይህ ሌንስ መሀል ያለውን ያከብራል፣ ዳር ያለውን ይለጥጣል። የቆንጆ ሰው ጭንቅላት ዱባ አድርጎ ያወጣልሻል።

ይህን ሁሉ ለፎቶ ክለብ ተማሪዎቼ አስተምር ነበር። አሁን ሌሎች የሚያነሱትን ፎቶ በማሽን አትማለሁ፤ የሌላ ሰው ደስታ ቀኑን ሙሉ ከፊቴ እየተንከባለለ ያልፋል። ያን ክለብ ያፈረሰው ሰው ዛሬም ከረባቱን አስሮ ይሄዳል ወይ? ስሙን አልጽፍም፤ ወረቀቴን አላቆሽሽም።

ወንድምሽ

ኅዳር 9 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እድሜ ይስጥህ፣ እጅህ አይንጠፍ። ሌንሱ ደረሰ። ካልሲዎቹን አባቴ ወሰዳቸው።

ቀሎ ቀሎ፣ ካሜራዬ ላይ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ያነሳሁት አንድ መታጠቢያ ቤት ነው። አከራዩ ፎቶውን አይቶ «ይሄ የኔ ነው?» አለና ሄዶ በሩን ከፍቶ ድጋሚ አየው። ሁለተኛው ሥራ ግን ጣጣ አመጣብኝ። በፎቶዬ አምኖ የተከራየ ሰውዬ ሶፋውን ይዞ መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ሶፋው ሲገባ ሰውዬው ውጪ ቀረ! «ይቺ ልጅ ቤቱን በምን ነፋችው?» እያለ ሲፈልገኝ ሰነበተ። አሁን አሥራ አራት ላይ ነው የማነሳው፤ ቤትም ሰፋ ይላል፣ እኔም አልሰደብም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማክሰኞ ከረባት ራሱ ስቱዲዮዬ መጣ። አዎ፣ ዳይሬክተሩ። ካንተ ጋር መዛመዴን አያውቅም፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ።

«ሰፊ የሚያነሳ ሌንስ አለሽ አሉ» አለኝ።

«አለኝ።»

«ትምህርት ቤታችን ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ድሮ የነበሩትንም አሁን ያሉትንም ሠራተኞች በሙሉ የድሮው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ፎቶ እፈልጋለሁ። አርባ ሦስት ሰው። የመጣው ፎቶ አንሺ ሁሉ አይገባም ይላል።»

«ይገባል።»

«እንግዲህ እኔ መሀል ነኝ» አለና መስታወቴ ፊት ቆሞ ከረባቱን አስተካከለ።

እሺም እምቢም አላልኩትም። ምን ልበለው?

ሚጢጢ

ኅዳር 27 ቀን

ሚጢጢ፣

ጤና ይስጥሽ። ደብዳቤሽ በደረሰበት ቀን ነው የምመልስልሽ። እሺ በይው!

ያኔ ልጅ ስለነበርሽ ሙሉውን አታውቂውም። የክለቡ ካሜራ ከግምጃ ቤት ጠፋ። ቁልፉ ያለው በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ በግምጃ ቤት ጠባቂውና በሱ። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው በሙሉ ቆሞ እያለ፣ ጠርቶ ከፊት አቆመኝና «ሌባ መምህር አያስተምራችሁም» አለ፤ ተማሪው ሳቀብኝ። እምዬ ደወሉ ሥር መዶሻዋን ይዛ ቆማለች። ወደሷ ዞረና «ምን ትጠብቂያለሽ? ደውይ እንጂ!» አላት።

ደወለች። ምን ታድርግ? እኔ ሻንጣዬን ይዤ በበሩ ስወጣ የምሰማው የናቴን ደወል ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግምጃ ቤት ጠባቂው ሕሊናው አላስቀምጥ ብሎት ጻፈልኝ። ካሜራውን ይዞ የሄደው የከረባት የሚስቱ ወንድም ነው፤ ከረባትም ያውቅ ነበር። ግን ከደብዳቤው በቀር ማስረጃ የለም፤ ጠባቂውም ሞተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አንዱንም ቀን አልረሳሁም።

አሁን ያልኩሽን ሁሉ ገልብጠሽ አድርጊው። ዳር አቁሚልኝ። አሥር ሚሊሜትር ላይ አድርጊና የፎቶው ጫፍ ትከሻውን እስኪነካ ድረስ ዳር ላይ ለጥፊው። እምቢ እንዳይልሽ፣ አጭርነቱ እንደሚያንገበግበው አትርሺ። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔ ያየሁትን ዓይነት ሳቅ እሱም ይየው። እንግዲህ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ጸሎቱን ትቼዋለሁ።

እምዬን ምንም አታሰሚያት። «ተዉት፣ ለፈጣሪ ስጡት» ማለቷ አይቀርም።

ወንድምሽ

ጥር 6 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ተፈጸመ! ተቀምጠህ አንብበው።

ቤተ መጻሕፍቱ እንደምታውቀው እንደ ኮሪደር ቀጭን ነው። ጀርባዬን ከመደርደሪያ አጣብቄ፣ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ከረባት ገብቶ ቀጥታ መሀለኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ» አልኩት በትሕትና፣ «እዚያ ቢቀመጡ ሰው መሀል ይሰወራሉ። ባለቤት በር በሩ ጋ ሲቆም ነው የሚያምረው፤ መሀሉ ለእንግዶች ይሁን። ደግሞ ይሄ ሌንስ ዳር የቆመውን ሰው ገዘፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው።»

«ገዘፍ?»

«በጣም።»

እንዲያ ስለው ጀርባው ቀጥ አለ። ተነስቶ በግራ ጫፍ ቆመ። «ትንሽ ወደ ውጪ፣ ጋሼ... ትንሽ... እንዲያ!» አሥር ላይ አደረግኩት። ክፍሉ ጨለም ስላለ፣ ሰዉም እየተንቀሳቀሰ ስላስቸገረኝ ቀዳዳውን ሙሉ ከፈትኩት። አነሳሁ።

ወንድም ጋሼ! ጭንቅላቱ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ አንዱ ጆሮው ሌላ አገር ሄዶ፣ ከረባቱ መሀረብ አክሎ! መሀል ያሉት እንግዶች እንደ ሥዕል ነው ያማሩት፤ እሱ ብቻ በመኪና ጎማ የተረገጠ ሊጥ መስሏል። እሱ ግን ሳያየው ለማተሚያ ቤት እንዲላክ ፈረመ፤ አሁን መግቢያው በር ላይ የግድግዳ ግማሽ አክሎ ተሰቅሏል። ተማሪዎቹ በሦስተኛው ቀን ስም አወጡለት፤ «ዱባ»። ክፍል ሲገባ ከኋላ አንዱ ዝቅ አድርጎ «ዱ» ይላል፣ ሌላው «ባ» ይላል።

አክስቴም መጥታ ነበር። እኔ ካወቅኳት ካሜራ ፊት ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው፤ ፎቶው ላንተ እንደሚላክ ስነግራት ነው እሺ ያለችው። ሰሞኑን ትንሽ ይደክማታል፤ ጉንፋን ነው ትላለች።

ሚጢጢ

ጥር 25 ቀን

እህትዓለም፣

እጅሽን ይባርከው! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሥራ ገባሁ፣ በየሰዓቱ እያወጣሁ አነበብኩት። «ዱ» እና «ባ» የሚለው ጋ ስደርስ ማሽኑን አቁሜ ሳቅኩ። አለቃዬ አመመህ ወይ አለኝ። ተሻለኝ አልኩት።

ፎቶውን ትልቅ አድርገሽ አሳትሚና ላኪልኝ። አልጋዬ ትይዩ ነው የምሰቅለው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ያን የተለጠጠ ፊት እያየሁ መነሳት እፈልጋለሁ።

እምዬ ካሜራ ፊት ቆመች ያልሽውን አላመንኩም። በእጄ ያለችው የወጣትነቷ ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። ሽበቷን አላየሁትም እኮ! የሷን ፊት ብቻ ቆርጠሽ ለብቻው አሳትሚልኝ። የት ጋ ነው የቆመችው? ከማን አጠገብ?

ወንድምሽ

መጋቢት 14 ቀን

ሚጢጢ፣

ሰላም ነሽ? ደብዳቤዬ አልደረሰሽም መሰለኝ። ፎቶውን ስጠብቅ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ስደውል አባትሽ «ተኝታለች» ይለኛል። ጠዋትም ተኝታለች፣ ከሰዓትም ተኝታለች። እምዬ በቀን የምትተኛ ሰው ነበረች እንዴ? ጉንፋን ይህን ያህል አይቆይም።

የከረባቱን ትልቁን ተይው። የሷን ብቻ ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 20 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ፈጣሪ ያጽናህ። አንተ በስልክ ስታለቅስ ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። የመኖሪያ ወረቀትህ አልተስተካከለም ተብሎ ለቀብር ሳትመጣ መቅረትህ እኔንም ይበላኛል። ሳንባዋ መሆኑን ከጥር ጀምሮ እናውቅ ነበር። «ለልጄ ብትነግሩት ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ከመጣ አይመለስም» ብላ አስማለችን። ይህንን ይቅር በለኝ።

ይቅር በለኝ የማልልህ ሌላ ነገር አለ። ፎቶውን አብሬ ልኬዋለሁ፤ ይህን ሳታነብ አትክፈተው።

የት ጋ ቆመች አልከኝ። በቀኝ ጫፍ። ከረባት በግራ ጫፍ፣ እሷ በቀኝ። እንግዶቹ፣ መምህራኑ፣ ጸሐፊዎቹ መሀሉን ሲሞሉት ጥበቃውና ጽዳቶቹ ወደ ዳር ተገፉ፤ እሷ ደግሞ ዘግይታ ስለደረሰች መጨረሻ ላይ ቀረች። በካሜራው ውስጥ አየኋት፣ ወንድም ጋሼ። አላየሁም ብዬ አልዋሽህም። «አክስቴ ወደ መሀል ግቢ» ብል ሰልፉ ይፈርሳል፤ ሰልፉ ከፈረሰ ከረባት ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ያን አሰብኩና ተጫንኩት።

በግራ ያለውን የለጠጠ ሌንስ በቀኝ ያለውንም ለጠጠ። ቀዳዳውን ስለከፈትኩት ደግሞ ፊቷ ደብዝዟል። ሦስት ሳምንት ኮምፒውተር ላይ ላጥብበው ሞከርኩ። ፊቷ ሲጠብ ዓይኗ ይጣመማል፤ ዓይኗን ሳቀና አፏ የሌላ ሰው ይሆናል። አንተ «ላኪልኝ» ስትል እኔ እሱን ነበር የምሠራው።

ይህንንም ልንገርህ፣ ብቻዬን አልችለውም። ፎቶው በተሰቀለ በሳምንቱ ማንንም ሳታስከትል ልታየው ሄደች። እኔ የደረስኩት ከኋላዋ ነው። ተማሪዎች ተሰብስበው ይስቃሉ። በከረባት ነበር የሚስቁት። እሷ ግን ከጫፍ ያለችውን ሴት ለረጅም ጊዜ አየችና «ይቺ የተጣመመች አሮጊት ማን ናት?» አለችኝ። ከዚያ ቀሚሷን አወቀችው። በሷ የሚስቁ መስሏት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። እስክትሞት ድረስ ስለ ፎቶው አንድ ቃል አላወጣችም።

ሚጢጢ

ግንቦት 8 ቀን

ሚጢጢ፣

ከፈትኩት።

ማተሚያ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ በቀን ሺህ ፊት አያለሁ። የናቴን አላወቅኩትም።

አንቺን ልራገም ብዬ ብዕር አነሳሁ፣ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። ሌንስ ሁለት ዳር እንዳለው ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። «ዳር አቁሚልኝ» ብዬ ስጽፍ በወዲያኛው ዳር ማን ይቆማል ብዬ አንዴ እንኳ አልጠየቅኩም። አሥራ አራት ዓመት ያየሁት አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር። ለሱ ያልሆነ ይቅርታ ላንቺ ከየት አመጣለሁ? ለራሴስ?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ሌላ ፎቶ ፈልጊልኝ። በማንም ስልክ፣ በማንም መሳቢያ። ከሰው ኋላ ያለፈችበትም ቢሆን።

ወንድምሽ

ሰኔ 15 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ጎረቤቱን ሁሉ፣ ጡረተኞቹን ሁሉ ዞርኩ። በሁሉም ፎቶ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች። አንድ ፎቶ ብቻ አለ አሉኝ፣ ያለውም ከረባት ጋ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለውን አውርዶታል። ቢሮው ስገባ ከወንበሩ አልተነሳም። «ማን እንዳስተማረሽ አሁን አውቃለሁ» አለኝ። «እንዲህ ያለ ተንኮል የሚያውቅ አንድ መምህር ብቻ ነበረኝ።» ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ፎቶውን አሳየኝ። እናትህ ጡረታ በወጣችበት ቀን፣ የመጨረሻውን ደወል ስትደውል፣ ሳታየው በቢሮው መስኮት አንስቷታል። ጥርት ያለ ነው። እየሳቀች ነው፣ ወንድም ጋሼ።

እጄን ስዘረጋ መሳቢያውን ዘጋው። «ላንቺ አልሰጥም» አለ። «ልጇ ከፈለገ በእጁ ጽፎ ይለምነኝ።»

ስድቤን ዋጥኩት። የፈለግከውን አድርግ፤ ባትጽፍለት አልፈርድብህም።

ሚጢጢ

ነሐሴ 30 ቀን

ለእህትዓለም ሚጢጢ፣

አዲሱ ዓመት የዕረፍት ይሁንልሽ።

ጻፍኩለት። «ለተከበሩ» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። የናቴን ፎቶ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ አልኩት። ስለ ካሜራው አላነሳሁም፤ ስለ ሚስቱ ወንድምም አላነሳሁም። አንድ መስመር ተኩል ነው። በሕይወቴ እንዲህ ከባድ ነገር አንስቼ አላውቅም።

ትናንት መልሱ ደረሰ። ደብዳቤ የለውም፣ ፎቶው ብቻ ነው። እምዬ መሀል ላይ አለች። መዶሻው ተነስቷል፣ ሽበቷ ከሻሿ ወጥቶ ነፋስ ይዞታል፣ ጥርሷ ይታያል። ከጀርባው በዚያ በማውቀው ቀጥ ባለ የቀይ እስክሪብቶ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «እኔን ዳር አቆማችሁኝ። እኔ እሷን መሀል አድርጌ አነሳኋት።»

ደሜ ፈላ። ሌባው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሌባ ያለውን ሰው ንጽሕና ያውቃል፤ አሁንም ከኔ በልጦ ሊያድር ይፈልጋል። ልቀደው ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ጥርሷን አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

አልጋዬ ትይዩ ሰቅዬዋለሁ። ከጀርባው የጻፈውን አልፋቅኩትም። አላመሰገንኩትምም፤ አላመሰግነውም።

ሌንሱን እንዳትመልሺልኝ፣ ሥራሽን ሥሪበት። ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። ከእንግዲህ በስልክ ደውዪልኝ፤ የምንደብቀው ሰው የለንም።

ወንድምሽ